የአናጺው ቀሪ ሂሳብ ይያዝ ወይስ ይከፈል?

የሰሚቷ፦ በሬዲዮ አንድ እንግዳ «ባለሙያ ቢያዘገይም ቀሪ ሂሳቡን መያዝ ነውር ነው፣ የላቡ ዋጋ ነው» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈላ። ሰውዬው ኮንዶሚኒየም አስጨርሶ አያውቅም መሰለኝ። እኔ ለኪችን ካቢኔት 70 በመቶ ከፍያለሁ። ከፋሲካ በኋላ «በሁለት ሳምንት» የተባለው ሥራ ክረምቱን አልፎ መስቀል ደረሰ። በሩ አይገጥምም፣ መሳቢያው ሲሳብ ይወድቃል። ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ» ነው መልሱ። አሁን ደግሞ ቀሪውን ላኪ ይለኛል። አልክም! ገንዘቡ እጄ ላይ እስካለ እመቤቷ እኔ ነኝ።

አናጺው፦ እሺ እመቤቴ። የአንቺ አናጺ አይደለሁም፣ ግን እኛም አሽከሮችሽ ነን። የራስሽን ብቻ አወራሽ፣ የኛንም ስሚ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ወዲያው 100 አለፈ። የካቢኔት እንጨቱ ኤምዲኤፉም ማጠፊያውም የመሳቢያ ሐዲዱም ከውጭ ነው የሚመጣው። በድሮ ዋጋ የተዋዋልን ሰዎች ከኪሳችን ጨምረን ጨርሰናል። ቅድሚያው ዕቃ ላይ ያልቃል። የያዝሽው 30 በመቶ የሱ እንጀራ ነው።

የሰሚቷ፦ የእኔ ውል ዶላሩ ከጨመረ በኋላ ነው። ዶላርን አታሳብ። ማጠፊያ አጣሞ የገጠመው ዶላር ነው?

ኮዬ ፈጬ፦ 😂😂 ዶላሩ ነው ያጣመመው።

ባሻ፦ ቀብድ የበላ እጥፍ ይመልሳል! የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885። ክሰሺው።

የሕግ ልጅ፦ ባሻ፣ እሱ ለቀብድ ነው። 70 በመቶ ከፍለህ ቀብድ ነው ብለህ ዳኛ አሳምን እስቲ። ለሷ የሚሆናት 1757 ነው። ግዴታውን ያልፈጸመ፣ ለመፈጸምም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን «ፈጽምልኝ» ማለት አይችልም። ግን እህቴ፣ 1772ንም አትዝለይው። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። «በዚህ ቀን ጨርስ» ብለሽ ጻፊለት። በስልክ መጮህ በኋላ ለማስረዳት ይከብዳል።

አናጺው፦ 1757 ለኔም ይሠራል። በየደረጃው ልትከፍል ተስማምታ ካቆመች ለምን ልጨርስ?

የሕግ ልጅ፦ ልክ ነህ፣ እንደ ውሉ ነው። ውሉን ታሳየን።

የሰሚቷ፦ በቃል ነው የተነጋገርነው።

ኮዬ ፈጬ፦ አይ እመቤቴ!

አናጺው፦ ይኸው! ለሶፋ ጨርቁ ቀለም ሳምንት ሙሉ ያማርጣሉ። ውል ሲባል «እንተማመናለን» ይላሉ።

ወይዘሮ ጀሞ፦ አንተ ልጅ፣ ተዋት። ውል ብትጽፍስ? እኔ በወረቀት ተፈራርሜ ነበር። የሴራሚኩ ሰውዬ ሙሉ ገንዘቡን በተቀበለ ማግስት ስልኩን ዘጋ። የሻወር ቤቱ ውኃ እስካሁን ወደ በሩ ነው የሚሄደው። ውል ውኃ አይመልስም። ገንዘብ መያዝ ነው ያለው መፍትሔ። በትልልቁ ግንባታ እንኳ ለጉድለት ተብሎ ከክፍያው ላይ ይያዛል አይደል እንዴ?

አናጺው፦ እማማ፣ እሱ ከመጀመሪያው በውል የተጻፈ ነው። የሚለቀቅበትም ጊዜ አለው። የሷ «እመቤት ነኝ» መቼ ነው የሚለቀቀው?

ረዳት ነበርኩ፦ አንድ ነገር ልበል። ቀሪው ሲያዝ መጀመሪያ የሚጎዳው ዋናው ሰውዬ አይደለም። ሌላ ቤት ቅድሚያ ተቀብሎ በዚያ ብር ይኖራል። «ባለቤቷ ስትከፍል እከፍላችኋለሁ» የሚባሉት የሚልጉትና ቀለም የሚቀቡት ልጆች ናቸው። እኔ ሁለት ቦታ እንዲህ ቀርቶብኛል።

የሰሚቷ፦ ያሳዝናል። ግን የሱን ሠራተኞች ደመወዝ እኔ ልሸከም?

ረዳት ነበርኩ፦ እመቤቷ አንቺ ነሽ ብለሽ የለ።

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ ከዚህ ሆኜ በወንድሜ በኩል ቤት አሠራለሁ። ሥራው በቪዲዮ ሳይታይ አንድ ብር አይላክም። ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግ ባለሙያው ይስተካከላል።

ኮዬ ፈጬ፦ ዋጋውን ያስወደዳችሁት እኮ እናንተ ናችሁ ወንድሜ። የእናንተን ቤት የሠራ ሰው የኛን በር ያንኳኳል?

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ነው የምልከው። ከዛፍ አልሸመጠጥኩትም።

ባሻ፦ ርእሱን አትልቀቁ። ቀብዱ እጥፍ ይመለስ!

የሕግ ልጅ፦ ባሻ ቀብድ አይደለም አልኩህ እኮ።

ወይዘሮ ጀሞ፦ ልጄ፣ ግማሹን ከፍለሽ ግማሹን ያዢ። በሩን ሲያስተካክል ትሰጪዋለሽ።

የሰሚቷ፦ እትዬ፣ ግማሹን ከሰጠሁት ለቀሪዋ 15 በመቶ ብሎ ከሰሚት ጫፍ ይመጣል? አልሰጥም።

አናጺው፦ እንግዲያው በሩ ተጣሞ ይኑር።

ኮዬ ፈጬ፦ አናጺው፣ በነገራችን ላይ ካቢኔት በሜትር ስንት ትሠራለህ? የኔን ቤት አሁን ልጀምር ነው።

አናጺው፦ በውስጥ አናግረኝ። ግን 80 በመቶ ቅድሚያ ነው።

የሰሚቷ፦ ይኸው! ይኸው!