እህቴ በኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዲግሪ ልትጀምር ነው፤ እኔ በምን ላግዛት?

የሄርማታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሄርማታ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ኢንጂነሪንግ የሚባለውን ነገር አላውቀውም፤ ታናሽ እህቴ ግን ታውቀዋለች። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን በአካባቢ ምህንድስና ጨርሳለች። አሁን ሦስተኛውን ልትቀጥል ነው።

የምታጠናው ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃ ነው። እዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በለቀማ ወቅት ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል። እሷ ውሃውን ቄጠማ በተተከለበት ኩሬ አሳልፎ ማጣራት ይቻላል ትላለች። ይሄን ስታወራ ብታዩዋት!

የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጅ አላት። ባለቤቷ ጥሩ ሰው ነው፤ ሥራው ግን ቦንጋ ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ዘመዶቻችን "ያላት ዲግሪ አይበቃትም ወይ?" ይላሉ። እኔ አይበቃትም ባይ ነኝ። "አይዞሽ" ማለቱን ሁሉም ይችልበታል። እኔ የምፈልገው በእጄ የምሠራላትን ነው። በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ፤ በጣም የከበዳችሁ የቱ ጋ ነበር?

የውሃዋ ኢንጂነር፦
አዴ፣ እህትሽ ታድላለች። እኔም ያለፍኩት በዚሁ ዘርፍ ነው። ሰው የሚከብደው ሒሳቡ ይመስለዋል። የሚከብደው ሰዓቱ ነው።

የቆሻሻ ውሃ ናሙና ከተቀዳ በኋላ አይቆይም። በበረዶ ሳጥን ተይዞ ቶሎ ላብራቶሪ መግባት አለበት። ከዚያ ቢኦዲ የሚባል ምርመራ አለ። ውሃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲበሉ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጨርሱ ይለካል። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ቀን ይቀመጥና ይነበባል። ሰኞ የገባው ቅዳሜ፣ ማክሰኞ የገባው እሑድ ማለት ነው። እሑድ ደግሞ ሞግዚቷ ዕረፍት ናት። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ሙቀቱ ከተዛባ የሳምንቱ ሥራ ገደል ገባ። እንዲህ ያለ ቀን ቤቷ ስትገባ የተሠራ ወጥ ካገኘች ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ወቅቱ ነው። መፈልፈያው የሚሠራው እሸቱ ሲቀላ፣ በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ያ ካመለጣት ዓመት ትጠብቃለች። የወሊድ ፈቃድ በሕጋችን 120 ቀን ነው፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። ሁለተኛ ልጅ አስባ ወሊዱ በለቀማው ወቅት፣ ጥቅምት ላይ ቢውል፣ በወረቀት 4 ወር የተባለው በጥናቷ አንድ ዓመት ይበላል። ገና ፕሮፖዛል ስትጽፍ ከአማካሪዋ ጋር ትነጋገርበት። እሷ በሌለችበት ናሙና የሚቀዳላት ሰው ካሁኑ ይታሰብ።

ሲቪሉ፦
እኔም በሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዲግሪ ላይ ነኝ። መስክ ስወጣ "ከማን ጋር ነህ?" ያለኝ የለም። አብራኝ የምትማረውን ግን አንድ ጣቢያ በር ላይ ጥበቃው "የማን ጸሐፊ ነሽ?" አላት። እህትሽ መስክ የምትወጣው ከሌላ የተማረች ሴት ጋር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ የምትሠራ ተማሪ ብትይዝ ሁለቱም ዳታ ያገኛሉ፣ መንገዱም ይቀልላቸዋል።

ከአዲስ አበባ፦
ገንዘቡንም አትርሱ። ኦደብሊውኤስዲ የሚባል የታዳጊ አገር ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት አለ፤ መቀመጫው ጣሊያን፣ ትሪየስት ነው። ለሴቶች የሦስተኛ ዲግሪ ድጋፍ ይሰጣል፤ ምህንድስናም ይካተታል። አገሯ ተመዝግባ ለጥናቷ ሌላ ታዳጊ አገር እየሄደች የምትመለስበት አማራጭ አለው። ልጅ ላላት ሴት ይሄኛው ይሻላል እላለሁ። ማመልከቻ መከፈቱን ድረ ገጻቸው ላይ ትመልከት።

የሄርማታዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የውሃዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ዋና ገበያዬ ስለሆነ ልጁን መያዝ ይከብደኛል። ናሙናውን ሌላ ቀን ብታስገባስ?

የውሃዋ ኢንጂነር፦
ይቻላል። ረቡዕ ካስገባች ሰኞ፣ ሐሙስ ካስገባች ማክሰኞ ይነበባል። ግን ናሙናውን የምታመጣበት መኪና የጋራ ከሆነ ቀኑን የምትመርጠው እሷ አይደለችም።

የሄርማታዋ፦
እንግዲያው የመኪናውን ፕሮግራም ማን እንደሚያወጣ ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ። ረቡዕ ከሰጧት ደስ ይለኛል። ካልሆነም ቅዳሜ ሱቁን የአክስቴ ልጅ ትይዝልኛለች። እሑድ ልጁ እኔ ጋ ይውላል።