ልጆች ብልግና እንዳያዩ መንግስት ሳይቶቹን ይዝጋ ብለን ፊርማ ልናሰባስብ ነው፣ ምን ትላላችሁ?

የደሴዋ እናት፦
ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ እና እንዳትስቁብኝ። ልጄ 12 አመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤት ጠርቼ ቡና ላይ ነን፣ አቦል አልቆ ቶናው ሊቀዳ ሲል ልጁ ጠፋ፣ ስፈልገው ጓዳ ስልኬን ይዞ ቁጭ ብሏል። ስቀበለው ቴሌግራም ላይ የስድስተኛ ክፍል ወርክሺት ሚል ግሩፕ ተከፍቷል ውስጡ ያለው ግን ወላሂ ለመናገርም ያሳፍራል። "እኔ አልገባሁም እማ ራሱ ነው ያስገባኝ" ይላል፣ እንደሱ ሚባል ነገር አለ እንዴ? በቃ በረካው እስኪጠጣ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ፣ ሁሉም ልጅ አላት ሁሉም ደንግጣለች፣ እና ለመስጊዱም ለቤተክርስቲያኑም ነግረን ፊርማ አሰባስበን መንግስት ሳይቱን ጥርቅም አርጎ ይዝጋልን እንበል ተባለ እኔም እሺ አልኩ። ማታ ወንድሜ መጣና ስነግረው "ዛሬ ለምናችሁ ያሰራችሁት ቁልፍ ነገ እናንተው ላይ ነው ሚዞረው" ብሎኝ እራቱንም ሳይበላ ሄደ። የመናገር ነፃነት ለዚህ ቆሻሻም ነው እንዴ? ግራ ገባኝ።

ጦሳ ስር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ግን ወንድምሽ ልክ ነው። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ ቴሌግራም ቲክቶክ ዩቲዩብ አንዴ ተዘግቶ አምስት ወር ገደማ እንደቆየ ረሳሽው? ያኔ ለኔ ቪፒኤን (የተዘጋውን አልፎ ሚያስገባውን አፕ) የጫነልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ አስራ አንድ አመቱ ነበር። አሁን ያን ልጅ በብሎክ ልታቆሚው ነው? እኛው መዝጋት ስናበዛ እነሱ መክፈቻውን ተማሩት። ደሞ ከነሐሴ 2015 በኋላ አማራ ክልል ውስጥ ዳታ ሲጠፋ ብልግናው ብቻ አልነበረም የጠፋው፣ የሰው ድምፅ ነው የጠፋው፣ እኔ ወንድሜ በህይወት መኖሩን የሰማሁት ከወልድያ በመጣ ሹፌር ነው። እና መዝጋት ሲባል እኔን ሆዴን ይቆርጠኛል።

የህግ ተማሪ፦
ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 29 ሀሳብን የመግለፅ መብት ይሰጣል፣ እዛው ንዑስ 6 ላይ ደሞ የወጣቶችን ደህንነት ለመጠበቅ በህግ ገደብ ሊደነገግ ይችላል ይላል። ስለዚ "መብት ነው አይነካም" ሚለው አያስኬድም። ግን በህግ ነው ያለው፣ አንዱ ሀላፊ ማታ ደውሎ ዝጋ ስላለ አይደለም። ደሞ ህግ የለም እንዳይመስላችሁ፣ በወንጀል ህጉ ለልጅ የብልግና ነገር ማቅረብ ያስቀጣል፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ደሞ ልጆች ያሉበትን የወሲብ ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን መያዝንም ወንጀል አርጎታል። ያ ግሩፕ አድሚን አለው አይደል? ፊርማው ሳይት ይዘጋ ከሚል አድሚኑ ይያዝ ቢል እኔም እፈርማለሁ። ማስረጃ እንዳይጠፋ የግሩፑን ስምና ሊንክ ፅፈሽ ያዢ፣ ምስሉን ግን ለማንም አትላኪ፣ "እዩት ጉዱን" ብሎ መላክም ራሱ ማሰራጨት ነው።

የሐይቅ መምህር፦
ከይቅርታ ጋር እናንተ ስለ መብት ታወራላችሁ እኔ ልጆቹ ፊት ለፊት ነው ምቆመው። ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች የሚያወሩትን ብትሰሙ። ነፃነት ነፃነት ሚለው አሜሪካም እኮ ሀሳቡን ቀየረ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ለልጅ ተብሎ የአዋቂውን ንግግር መከልከል አይቻልም ብሎ ኢንተርኔት ላይ ብልግናን ሚከለክለውን ህግ ጣለው፣ በ2025 ግን ቴክሳስ የብልግና ሳይቶች የተጠቃሚን እድሜ ያረጋግጡ ብሎ ያወጣውን ህግ 6 ለ3 አፀደቀ። እንግሊዝም እዛው አመት ሐምሌ ላይ ጀምራለች። እነሱ ሲያደርጉት ስልጣኔ እኛ ስንጠይቅ አፈና?

ጦሳ ስር፦
@የሐይቅ መምህር ጋሼ እንግሊዝ በጀመረች ሰሞን ቪፒኤን አውራጁ እንዴት እንደተንጋጋ አላዩም? ደሞ እድሜ ይረጋገጥ ማለት እዚህ ሲመጣ የፋይዳ ቁጥር አስገባ ማለት ነው። ፋይዳዬን ለብልግና ሳይት 😂 ነገ ዝርዝሩ ቢወጣ ቀበሌ ምን ይዤ ልሄድ ነው።

የሐይቅ መምህር፦
አንተ ምን ልታይ ገብተህ ነው ፋይዳ ምትጠየቀው 😄 የዝርዝሩ ነገር ግን እውነትህን ነው፣ እሱን አላሰብኩትም።

ኮምቦልቻ ኔትወርክ፦
እናት፣ ልጅሽን አታስጨንቂው፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ላይ ሴቲንጉን ካልቀየርሽው ማንም ሰው ግሩፕ ውስጥ ሊጨምርሽ ይችላል። ሴቲንግ ግቢ፣ ፕራይቬሲ ሚለው ውስጥ ግሩፕ ላይ ማን ይጨምርሽ ሚለውን ኮንታክቶቼ ብቻ አርጊው። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አውቶ ዳውንሎዱን አጥፊ፣ ለካርድሽም ይጠቅማል።
ቤት ዋይፋይ ካለ ደሞ ራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን (የሳይቱን አድራሻ ፈልጎ ሚያገኘውን) 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 አርጊው፣ የክላውድፍሌር ነው፣ ነፃ ነው፣ የብልግና ሳይቶችን አይከፍትም። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፣ እሱ ሳይት ነው ሚያግደው፣ ቴሌግራም ውስጥ ላለው ምንም አይሰራም፣ ምክንያቱም አፑ የሚያመጣው ከራሱ ሰርቨር ነው። ልብ በሉ፣ መንግስት ሺ ሳይት ቢዘጋ የልጁ ግሩፕ እንደተከፈተ ነበር! እሱን ለመዝጋት ቴሌግራምን በሙሉ መዝጋት ነው፣ ያኔ ወርክሺቱም የለም፣ አረብ ሀገር እህት ካለችሽ ድምጿም የለም።

የደሴዋ እናት፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁም። የቴሌግራሙን አሁን ቀየርኩት። የራሴን ሳይ ደሞ እኔም ማላውቃቸው 14 ግሩፕ ውስጥ ነኝ፣ አንዱ የመኪና ጎማ ሽያጭ ነው፣ መኪና የለኝም። ልጄን ዛሬ ጠርቼ ይቅርታ አልኩት፣ መትቼው ነበር። ዝም አለና "እማ ግን ለክፍሌ ልጆችም ሴቲንጉን ላሳያቸው?" አለኝ። ፊርማው ላይ እስካሁን 23 ሰው ፈርሟል፣ ቅዳሜ ቡናው እኛ ቤት ስለሆነ አድሚኑ ይያዝ ሚለውን አነሳላቸዋለሁ። ወንድሜ ስልክ አያነሳም፣ ሚያውቀው ሰው ካለ እራቱ አለ በሉት።