ለዚህች ልጅ ደመወዝ ልጨምር ወይስ ትሂድ? (ድሬዳዋ)

የከፊራ ነጋዴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ከፊራ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ድሪያ፣ ሽቲ፣ ሽርጥ፣ ሻሽ እሸጣለሁ። ሱቁን ያወረሰችኝ እናቴ ናት።

ከ5 ወር በፊት አንዲት ልጅ ቀጠርኩ። ኮምፒውተር ተምራለች፤ ሥዕልም ትሥላለች። ፎቶ እያነሳች ቴሌግራም ላይ እንድትለጥፍልኝ ነበር ሐሳቤ። የመጀመሪያውን ሳምንት ኮምፒውተር አልከፈተችም። በርጩማ ስባ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ደንበኛ የሚጠይቀውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈች። ውስጤ ተቃጠለ፤ ግን ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ማታ ደብተሩን አሳየችኝ። «ሲታጠብ ይለቃል?» «በፎቶ ያየሁት ቀለም ይኼ አይደለም።» «ከዚህኛው ስንት ሜትር ቀረሽ?» ዕድሜ ልኬን ስሰማው የኖርኩት ነው። ተጽፎ ሳየው ግን ደነገጥኩ።

የሱቄ አምፖል ቢጫ ነው። በእሱ ብርሃን ስናነሳው ሰማያዊው ጨርቅ አረንጓዴ ይመስላል። እሷ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ በር ላይ አውጥታ ታነሳዋለች። አጠገቡ ነጭ ወረቀት ታስቀምጣለች። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ፎቶውን ታስተካክላለች። ለየጨርቁ ቁጥር ለጠፈችበት። ከዚያ የቴሌግራም ቦት፣ ለደንበኛ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ሠራች። ደንበኛው ቁጥሩን ሲጽፍ ዋጋውንና የቀረውን ሜትር ይነግረዋል። ጨርቁ በእጅ ሲወዛወዝ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም ይልክለታል፤ ድሪያ የሚገዛ ሰው ስስነቱን ሳያይ አይገዛምና። ከሁሉ የገረመኝ ድምፁ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ቀድታበታለች። የሶማሊኛውን የተናገሩት በራችን ላይ ሻይ የሚያፈሉት እናት ናቸው። ከሰዓት በሙቀቱ ሱቅ ስንዘጋ ጅግጅጋ ላሉት ደንበኞቼ ቦቱ ይመልስላቸዋል።

አሁን ከአዲስ አበባ በእጥፍ ደመወዝ ጠርተዋታል። ወንድሜ «ፎቶ ለምትለጥፍ ልጅ ይህን ያህል?» ይላል። እኔ ልለቃት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መኪና ግርግር (ሐረር)፦

እህቴ፣ እንዳትለቂያት። እኔ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዛሬ 3 ዓመት ርካሽ ነው ብዬ የከረጢቴን ጽሑፍ ፊደላችንን ለማያውቅ ሰው በኢንተርኔት አሠራሁ። 500 ከረጢት ታትሞ ሲመጣ የሱቄ ስም ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት ዝርዝር ውስጥ፣ ከገባ እኮ ቆይቷል፤ በፈረንጆቹ 1999 ነው። ኮምፒውተሩ ይችላል። የሚያነብለት ሰው ነው የጠፋው። ብሩን አልረሳውም፤ ከብሩ በላይ ግን ስሜ ነው ያመመኝ።

በኋላ የሰፈር ልጅ አገኘሁ። መንገዳችን መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪና ድምፅ ነው። ልጁ ያንን ድምፅ ቀድቶ ከሥራዬ ቪዲዮ ጋር አዋሐደው። አዲስ አበባ ያሉ የሐረር ልጆች አይተውት ደወሉልኝ። አንዷ እያለቀሰች ነበር። የሠርግ ልብሷን እኔ ጋ አሰፋች።

የከዚራው ኮድ ጸሐፊ፦

ቦቱን እኔም በ2 ቀን እሠራዋለሁ አቦ። ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም ቦት መክፈቻ ላይ በነጻ ይከፈታል፤ የጨርቁን ዝርዝር ጉግል ሺት በሚባለው የኢንተርኔት ሠንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። በርጩማው ላይ መቀመጥ ግን አይታየኝም ነበር። የምትከፍያት ለእሱ ነው።

ቴሌብር በ2013 መጣ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ሙከራውን ሲጀምር መጀመሪያ የከፈተው ድሬ ላይ ነው። ስልኩም መስመሩም ጎረቤትሽ ሱቅ አለ። እንዲህ የምታስብ ልጅ ግን የላቸውም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ጠይቂ፦ ቦቱ የተከፈተው በማን ስልክ ነው? በእሷ ከሆነ ባለቤትነቱን ወደ አንቺ አካውንት ማዛወር ይቻላል፤ ቦትፋዘር ራሱ ምርጫው አለው። ሳትጣሉ፣ በፍቅር እያላችሁ አድርጉት።

ሒሳብ ሠራተኛ፦

እኔ ትንሽ ልለይ። ስለወደድሻት ብቻ ደመወዝ አትጨምሪ። የጨርቅ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ከቦቱ የመጣ ነው፤ ሽያጩን ለብቻ መዝግቢ። ከዚያ መደበኛ ደመወዝና ከዚያ ሽያጭ ላይ ፐርሰንት ስጫት። የአዲስ አበባን እጥፍ ባትደርሺበትም ልጅቷ ሥራዋ ምን እንዳመጣ ታያለች። ወንድምሽም ያየዋል።

የከፊራ ነጋዴ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ቁጭ ብለን አወራን። ከብሩ በፊት የጠየቀችኝ «ለሌሎች ሱቆችም መሥራት እችላለሁ?» ብላ ነው። በሳምንት 2 ቀን ከሰዓት፣ ሱቅ በምንዘጋበት ሰዓት፣ የራሷን ትሥራ ተባባልን። ደመወዟን በሲሶ ጨመርኩ፤ ፐርሰንቱንም ጻፍንላት። ቦቱ በእሷ ስልክ ነበር፤ አብረን አዛወርነው። ለአዲስ አበባዎቹ አልመጣም ብላ ጽፋለች።

ዛሬ ጠዋት በርጩማዋን በሩ አጠገብ አድርጋ ተቀምጣለች። አሁን የምትጽፈው ሳይገዙ የሚወጡትን ነው።