ኢቫንጀሊየን ክፍል 18፦ ታሪኩ የተገለበጠው እዚህ ነው ወይስ ቀደም ብሎ? (ስፖይለር አለው)

ዝናብ_ወዳድ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ኢቫንጀሊየንን (ልጆች ኢቫ የሚባሉ ግዙፍ ማሽኖች ውስጥ ገብተው ኤንጅል ከሚባሉ ጭራቆች ጋር የሚዋጉበት የጃፓን አኒሜ) ለሁለተኛ ጊዜ እያየሁት ነው፣ አሁን ክፍል 18ን ጨረስኩ። ያላያችሁት ካላችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ፣ ሁሉንም ነው የማወራው።

ብዙ ሰው ይሄን ክፍል ሲያነሳ የኢቫ 01 ፓይለት ሺንጂ ሳያውቅ ጓደኛውን ቶጂን ሊገድለው የደረሰበት ብሎ ነው የሚያነሳው። እኔን ግን አንጀቴን የበላው ሌላ ነገር ነው። ልጁ እኮ እምቢ ብሎ ነበር! ኤንጅሉ የገባበት ኢቫ 03 አንገቱን አንቆት፣ አባቱ ለምን አትዋጋም ሲለው ውስጡ ሰው አለ ይለዋል፣ ትሞታለህ ሲባል ደግሞ ሰው ከምገድል እኔ ብሞት ይሻላል ይላል። የ14 ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይበል? አባቱ ጌንዶ (ኢቫዎቹን የሚያሰማራው የኔርቭ አለቃ) አልተቆጣም አልለመነም፣ የልጁን ግንኙነት ቁረጡና ደሚ ፕለጉን (ኢቫውን በፓይለቱ ፋንታ የሚነዳውን ሲስተም) አስነሱ፣ በቃ። ኦፕሬተሯ ማያ ገና ችግር አለበት፣ ሳይንቲስቷ ሪትሱኮም የለችም ብላ ልትከራከር ስትሞክር አሁን ካለው ፓይለት ይሻላል ብሎ ዝም አሰኛት። ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ ሺንጂ እዛው መቀመጫው ላይ እጀታውን እየጎተተ አቁም እያለ ይጮሃል፣ ኢቫ 01 ደግሞ የ03ን አንገት ሰብሮ፣ ገነጣጥሎ፣ መጨረሻ ላይ ቶጂ ያለበትን ፕለግ (የፓይለቱን ካፕሱል) በእጁ ጨምቆ ይሰብረዋል።

ክፍል 1 ላይ ትዝ ካላችሁ የቆሰለችውን ሌላዋን ፓይለት ሬይን በቃሬዛ አምጥተው ፊቱ ያስቀመጧት እሺ እንዲል ነበር። ማለት ጨካኞች ቢሆኑም እሺታው ያስፈልጋቸው ነበር። 18 ላይ ግን እሺም አለ እምቢ ለውጥ የለውም። ለኔ ታሪኩ የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው። እናንተስ?

ሜካ_ልብ፦
እኔ 16 ነው የምለው። እስከዛ ድረስ ኤንጅል ይመጣል፣ ይቸገራሉ፣ መላ ይገኛል፣ ያሸንፋሉ፣ መልኩ ያ ነበር። 16 ላይ ሺንጂ የሲንክ ውጤቱ (ከኢቫው ጋር የሚናበብበት መጠን) ሌላዋን ፓይለት አሱካን በልጦ፣ ትንሽ ልቡ አብጦ ቀድሞ ገባና ያ ጥላ የሚመስለው ኤንጅል ዋጠው። አንቺ ካነሳሽው ነገር ጋር የሚሄደው ደግሞ የሪትሱኮ ፕላን ነው። 992 ኤን ቱ የሚባሉ ከባድ ቦምቦች አንድ ላይ አፈንድተን ኢቫውን እናውጣ አለች፣ ፓይለቱ ባይተርፍም ቅድሚያው ለማሽኑ ነው። የሺንጂ አዛዥና አሳዳሪ ሚሳቶ በጥፊ ያላሰቻት ለዚህ ነው። ስለዚህ ልጁ እንደማያስፈልጋቸው 18 ላይ አይደለም የታወቀው፣ ሁለት ክፍል ቀድሞ ሪትሱኮ አፏን ሞልታ ተናግራዋለች። 18 ላይ የተደረገው እሱን መፈፀም ብቻ ነው።

የጠዋት_ባቡር፦
ሜካ_ልብ ጥፊውን ማንሳትህ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም የምለው ከሱ ስለሚነሳ። 16 ላይ ለሺንጂ ብላ በጥፊ የመታችው ያቺው ሚሳቶ 18 ላይ የ03 ፓይለት ቶጂ መሆኑን እያወቀች ሳትነግረው 03 ወደሚሞከርበት ማትሱሺሮ ሄደች። እኔ ይሄን ክፍል ሳይ ዓይኔ ጦርነቱ ላይ አይደለም ያለው፣ ከጦርነቱ በፊት ያለው ዝምታ ላይ ነው። ሁሉም እኮ ያውቃል። አሱካ ታውቃለች፣ ንዴቷን እንጂ ነገሩን አትነግረውም። ሬይ ታውቃለች፣ ጣራ ላይ ሄዳ ቶጂን አናግራዋለች፣ ያቺ ሰው የማታናግረው ሬይ! ቶጂ ራሱም አልነገረውም። ቤት ውስጥ ሺንጂን እየጠበቀ የነበረው የሚሳቶ ጓደኛ ካጂም ስለ አባቱና ስለ ሰው ማወቅ ብዙ አውርቶት የቶጂን ስም ሳይጠራለት አደረ። አንዱ ነግሮት ቢሆን እኮ ቢያንስ ምን ላይ እምቢ እንደሚል አውቆ ነበር እምቢ የሚለው።

የቶጂ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው የሚያመኝ። ክፍል 3 ላይ ሺንጂን በቦክስ የመታው በመጀመሪያው ጦርነት እህቱ ተጎድታበት ነበር፣ አሁን ፓይለት ሁን ሲሉት የጠየቃቸው አንድ ነገር እህቴን ወደ ኔርቭ ሆስፒታል አዛውሩልኝ ነው። የክፍል ጓደኛቸው ኬንሱኬ ፓይለት ለመሆን እየሞተ ለሱ አልሰጡትም፣ ምንም ለማይፈልገው ሰጡት። የክፍላቸው አለቃ ሂካሪ ደግሞ ምሳ ልሰራልህ ብላው፣ እሱም እሺ ብሎ፣ ያን ምሳ ሳይበላው ሄደ። አሱካ ጦርነቱ መሃል ሺንጂ እስካሁን አታውቅም እንዴ ብላ ልትነግረው አፏን ስትከፍት ተመታች። እዛች ጋ ሁሌ ስክሪኑ ላይ እጮሃለሁ።

ማንጋ_አንባቢ፦
ለማነፃፀር ያህል፣ በሳዳሞቶ ማንጋ (የኮሚክስ ቅጂው) ላይ ቶጂ አይተርፍም፣ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ፊልም ደግሞ 03 ውስጥ ያለችው አሱካ ናት፣ ሺንጂም ማን እንዳለች ያውቃል፣ ያ ሁሉ ሲገነጣጠልም ለስላሳ የልጆች መዝሙር ከስር ይሄዳል። ብዙ ሰው ፊልሙ ይበልጣል ይላል፣ ያስደነግጣል እኔም አልክድም፣ ግን የጠዋት_ባቡር ያለችው ዝምታ እዛ ውስጥ የለም። ስለዚህ ለኔ የቲቪው ይበልጣል። ደግሞ ይሄ ጃፓን ውስጥ ጃንዋሪ 31፣ 1996 ረቡዕ ቀን በእኛ አቆጣጠር ማታ 12፡30 ላይ ነው በቲቪ ቶኪዮ የተላለፈው፣ ልጆች ቲቪ ፊት በሚቀመጡበት ሰዓት። ዳይሬክተሩ አኖ ሂዴያኪ እንዴት እንደደፈረው ሁሌ ይገርመኛል።

ዝናብ_ወዳድ፦
የጠዋት_ባቡር በጣም አመሰግናለሁ፣ ዝምታውን እንደዛ አገጣጥሜ አላየሁትም ነበር። አንድ የምጨምረው የሬይን ክንድ ነው። በኢቫ ዜሮ ዜሮ ሆና 03 ላይ አነጣጥራ እሱ እዛ ውስጥ ነው ያለው ብላ ስትዘገይ ኤንጅሉ በኢቫዋ ግራ ክንድ ይገባል፣ ጌንዶም ነርቩ ሳይነቀል ክንዱን ቁረጡት ይላል። ሬይ ትከሻዋን ይዛ ስትሰቃይ እናያታለን። እዛው ክፍል ውስጥ ያመነቱት ሁለት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም የተቀጡት ከአንድ ሰው ነው።

የቆላ_ንፋስ፦
ዘግይቼ ነው የደረስኩት ግን 19ን ሳታነሱ ይሄ ክርክር አያልቅም። ደሚ ፕለጉ 18 ላይ ሰራ አይደል? 19 ላይ ያ ኃይለኛው ኤንጅል መጥቶ ሺንጂ ስራውን ትቶ ሲሄድ፣ ጌንዶ 01ን መጀመሪያ በሬይ ሞከረ፣ እምቢ አለው። በደሚ ፕለጉ ሞከረ፣ እሱንም እምቢ አለው። 18 ላይ የልጁን እምቢታ እንደ ምንም የቆጠረው ሰውዬ በሳምንቱ ማሽኑ ራሱ እምቢ አለው! እኔ እነዚህን ሁለት ክፍሎች ለያይቼ ማየት አልችልም። ሺንጂም የተመለሰው ሰው አስገድዶት አይደለም፣ ካጂ ሀብሃቡን ውሃ እያጠጣ አንተ ብቻ የምትሰራው ነገር አለ፣ ግን ማንም አያስገድድህም፣ ራስህ አስበህ ወስን ነው ያለው። ሮጦ መጥቶ አባቱ ለምን መጣህ ሲለው የ01 ፓይለት እኔ ነኝ ብሎ ስሙን ተናገረ። በክፍል 1 ተለምኖ የገባውና በ19 በራሱ እግር የገባው አንድ ልጅ አይደሉም። ስለዚህ ዝናብ_ወዳድ፣ እሺታው ዋጋ አጣ ያልሽው ልክ ነው፣ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው የቆየው።

ሜካ_ልብ፦
የቆላ_ንፋስ ያልከው ገብቶኛል፣ ግን እሱ ራሱ ወደ 16 ነው የሚመልሰኝ። 01 ፓወሩ አልቆ፣ ማንም ሳያዘው፣ የኤንጅሉን ሆድ ቀዶ በደም ተነክሮ የወጣው 16 ላይ ነው። ክፍል 2 ላይም በራሱ ተነስቷል፣ ያኔ ግን ስላሸነፈልን ደስ ብሎን አለፍነው። 16 ላይ ሪትሱኮ ራሷ እያየችው ምን እንደሰራን አናውቅም በሚል ፊት ደነገጠች። 19 ላይ ደሚ ፕለጉን የተፋው ያ ነገር ነው እኮ። ጌንዶ 18 ላይ ማሽኑ የኔ ነው ብሎ ያሰበው 16ን አይቶ እንዳላየ ሆኖ ነው።