«በቀል» ልበል ወይስ «ብድር»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። አንድ የእንግሊዝ የፍቅር ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ዘመኑ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ታመው ልጃቸው በስማቸው ያስተዳደረበት ነው፤ ከ1811 እስከ 1820 እ.ኤ.አ.። የአንድ ወጣት መኳንንት አባት ቁማር ይበላል። ዕዳውን ለመክፈል ርስቱን ይሸጥና በብስጭት ይሞታል። ልጁ የአሸናፊውን ሴት ልጅ አጭቶ፣ በሠርጉ ዋዜማ ጥሎ ሊያዋርዳት ያስባል። ከዚያ ከልቡ ይወዳታል። ሐሳቡን «በቀል» አልኩት፤ ግን አንጀቴን አላራሰውም። ዘመኑንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ «የእንደራሴው ዘመን» በይው እህቴ። ቃሉ ሲፈታ «እንደ ራሴ» ነው፤ እሱን እንደ እኔ ቁጠሩት እንደማለት። ራስ ተፈሪም በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ «አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ» ይባሉ ስለነበር አንባቢ አይቸገርም።

መልስ፦ በቀሉ ላይ አትቸኩዪ። ቂም ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ይያዛል፣ ይቋጠራል። በቀል ግን ሥራ ነው። ሰውዬሽ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቂም ቋጠረ እንጂ ገና አልተበቀለም። «ቋጠረ» ደግሞ ደስ የሚል ቃል ነው፤ የተቋጠረ ይፈታል።

ለታሪኩ ልብ ግን እኔ «ብድር» እላለሁ። ሰው ጥርሱን ነክሶ «ብድሬን እመልሳለሁ» ካለ ዛቻ ነው። አያቴ ደግሞ ከበር ላይ ዘንቢሏን የተቀበላትን የጎረቤት ልጅ «ብድሩን እግዜር ይክፈልህ» ትለው ነበር። ያው ቃል ነው፤ እዚያ ቂም፣ እዚህ ምርቃት። ገንዘቡም ብድር ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር፣ ከ1710 እ.ኤ.አ. ሕግ የተነሳ፣ የቁማር ዕዳ በፍርድ ቤት አይጠየቅም ነበር። ለዚህ ነው «የክብር ዕዳ» የሚሉት። ጨዋ የሚባለው ሰው የልብስ ሰፊውን ሂሳብ ዓመት ያቆየዋል፤ የቁማሩን ግን ሳይውል ሳያድር ይከፍላል። አባትየው ርስቱን የሸጠውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ልጁ ብድር ሊመልስ ሲነሳ ቃሉ ከታሪኩ ሥር የወጣ ይሆናል። «በቀል» ይህን ሁሉ አይሸከምም።

መልስ፦ እኔም በብድሩ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ጥሏት ሄደ» ብቻ አይበቃም። በዚያ ዘመን የተከዳች እጮኛ ቃሉን ያፈረሰውን ሰው ከስሳ ካሳ ልታገኝ ትችል ነበር። ስሟን ግን ዳኛ አይመልስላትም። ስለዚህ «ስሟን ሊያጠፋ» በይው፤ ጉዳቱ ያኔ ይታያል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ረዳችሁኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ምዕራፍ 7ን እንደገና ጻፍኩት። ልጅቷ የአባቷን የቁማር ደብተር አግኝታ የሰውዬውን አባት ስም አይታለች። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና «ብድርህን ልትመልስ ነው የመጣኸው?» ትለዋለች። «ለዚያ ነበር የመጣሁት» ይላታል። ቀድሞ «ለበቀል ነው የመጣኸው?» ነበር ያልኩት። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ታሞ ስታስታምመው ከርማ፣ እጇን ይዞ «ብድርሽን በምን እመልሳለሁ?» ይላታል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አለቀስኩ።