የጠረጴዛ ጌም ዳይስ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ለምን ያናድዳል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወተውን የጠረጴዛ ሮል ፕሌይ (እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትበት ጌም) ሕግ ወደ ቪዲዮ ጌም እየቀየርኩ ነው። ውጊያው ተራ በተራ ነው። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ የተዋጊው ችሎታ ይደመርበታል፣ ድምሩ የጠላትን መከላከያ ከደረሰ መታ ማለት ነው። ኮዱን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፣ ዳይሱ ትክክል ነው። ግን ጌሙን የሚሞክሩልኝ ልጆች የመምታት ዕድላቸው 90% ተብሎ ተጽፎ ሲስቱ «ይሄ ነገር ያጭበረብራል» ይሉኛል። እነዚሁ ልጆች ጠረጴዛ ላይ 1 ሲወጣባቸው በሳቅ ነው የሚፈርሱት። ምን ይሻለኛል? ቁጥሩን በስውር ላስተካክለው?

መልስ 1

አስተካክለው፣ ምንም ነውር የለውም። ፋየር ኢምብለም የሚባለው ተራ በተራ የሚዋጉበት ቪዲዮ ጌም ከ2002 ጀምሮ በበርካታ ክፍሎቹ ሁለት ቁጥር አውጥቶ አማካያቸውን ነው የሚወስደው። ስክሪኑ ላይ 90% የሚለው በተግባር 98% ገደማ ነው፤ 10% የሚለው ደግሞ ወደ 2% ይወርዳል። ተጫዋቹ ደስ ብሎት ይጫወታል።

መልስ 2

እኔ በዚህ አልስማማም። ቁጥር ካሳየህ ቁጥሩ እውነት ይሁን። ተጫዋቹ የሚያቅደው እሱን አምኖ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። በ90% 20 ጊዜ ብትመታ ቢያንስ አንዴ የመሳት ዕድልህ 88% ገደማ ነው። ጠረጴዛ ላይ አንድ ውጊያ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ አንድ ሰው የሚጥለውም ጥቂት ጊዜ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያው ውጊያ በደቂቃዎች ያልቃል። ዳይሱ አልተቀየረም፣ መሳቱ ግን ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጌም ማስተር፣ ማለትም ታሪኩን እየተረከ ጨዋታውን የሚመራ ሰው አለ። እሱ «ሳትክ» ብሎ ዝም አይልም። «ሰይፍህ ጋሻው ላይ ተንሸራቶ ፋኖሱን ሰበረው፣ ክፍሉ ጨለመ» ይልሃል። አሁን ሁሉም አዲስ ችግር አለው፤ ጠላትም አያይም፣ እናንተም አታዩም። ያንተ ጌም «ሳተ» ብሎ ተራውን ይቀማል። ዳይሱን ይዘኸው መጣህ፣ ጌም ማስተሩን እዚያው ተውከው።

ስለዚህ ልፋትህን ሲስት በሚሆነው ላይ አውለው። በ1 ወይም በ2 ነጥብ ከሳተ ጠላት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይገፋ። በር መክፈት ላይ ደግሞ ይሄ የባሰ ይታያል። 30% ዕድል ያለው ሰው 10 ጊዜ ቢሞክር 97% ይከፍተዋል። ታዲያ ዳይሱ ምን ሠራ? ጊዜ ከመብላት በቀር ምንም። ይልቅ በሩ ይከፈት፣ ግን ዘበኛው ድምፁን ይስማ።

ጠያቂው

ይሄ ገብቶኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን ባለ 20 ገጹን ትቼ ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ባደርገውስ? እና ደግሞ እየሳቱ ሴቭ ያደረጉትን መልሰው የሚከፍቱትን ምን ላድርጋቸው?

መልስ 3

ሴቩን በተመለከተ የዳይሱን ሲድ (ኮምፒውተሩ ቀጣዮቹን ቁጥሮች የሚያወጣበትን መነሻ ቁጥር) አብረህ ሴቭ አድርገው። ያንኑ ምት መልሶ ቢሞክር ያው ውጤት ይወጣል፣ ስለዚህ ሌላ መላ መፈለግ ይጀምራል። ዕድሉን ማለስለስ ካማረህ ደግሞ ባልዱርስ ጌት 3 እንደሚባለው ቪዲዮ ጌም በግልጽ አድርገው። ተከታታይ መሳትን የሚቀንሰው አማራጭ ቅንብሩ ውስጥ ይታያል፣ የማይፈልግ ያጠፋዋል።

መልስ 2

ሦስት ዳይስ ጥሩ ነው፣ ግን የመከላከያ ቁጥሮችህን በሙሉ እንደገና ማስላት አለብህ። ባለ 20 ገጹ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር 5% ነው፤ አንድ ነጥብ ብትጨምር የትም ቦታ ጥቅሟ ያው ነው። ሦስት ዳይስ ላይ 10 እና 11 እያንዳንዳቸው 12.5% ሲሆኑ፣ 3 የሚወጣው ከ216 አንዴ ነው። 11 የሚያስፈልገው ሰው አንድ ነጥብ ብትሰጠው ከ50% ወደ 62.5% ይዘላል። 18 የሚያስፈልገው ግን ከ2% እንኳ አያልፍም። ጎበዙ ተዋጊ እምብዛም አይስትም፣ ደካማው ደግሞ ተስፋ የለውም። ይሄን ከፈለግህ ቀይረው፣ ካልሆነ ባለ 20 ገጹ ላይ ቆይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳይሱን አትደብቀው። ሲስት ስክሪኑ ላይ «ዳይስ 2፣ ችሎታ 7፣ ድምር 9፣ የጠላት መከላከያ 10» ብለህ ጻፍለት። በአንድ ነጥብ እንደሳተ ካየ ጌሙን ከመጠርጠር ይልቅ ያቺን አንድ ነጥብ ከየት እንደሚያመጣት ያስባል።