ከሕዋሳት ጉዞ ለዳቦ ስምሪት የሚወሰድ ትምህርት ይኖር ይሆን?

ጠያቂ፣ ከአቶቴ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ዳቦ ቤት አለኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በአንድ አይሱዙና በሁለት የጭነት ባጃጆች ለ31 ሱቆችና ምግብ ቤቶች አከፋፍላለሁ። ስምሪቱን እስከ ዛሬ በልማድ ነው የምናወጣው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ባጃጅ ፒያሳ አድርሶ ከተመለሰ በኋላ፣ ሌላው ደግሞ እዚያው አቅራቢያ አሞራ ገደል ላለ ምግብ ቤት 20 ዳቦ ብቻ ይዞ ሲወጣ ሳይ የነዳጁ ነገር አንገበገበኝ። ባዮሎጂ የምታጠና የእኅቴ ልጅ፣ አንጎል የሌለው አንድ ሕዋስ የቶኪዮን የባቡር መስመር እንደ ነደፈ ነገረችኝ። ነገሩ እውነት ነውን? ከሆነስ ለእኔ ሥራ ይጠቅማል?

የባዮሎጂ መምህር

ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ፍጡሩ ፊዛረም ይባላል፤ በበሰበሰ እንጨትና ቅጠል ላይ የሚኖር ቢጫ ዝልግልግ ነገር ሲሆን፣ መዳፍ ያህል ቢሰፋም ብዙ ኒውክለሶች (የሕዋስ አስኳሎች) ያሉት አንድ ሕዋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች ቶኪዮንና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞችን የሚወክሉ የአጃ ፍሬዎች አስቀምጠው ሲለቁት፣ ፍጡሩ መጀመሪያ በሁሉም አቅጣጫ ተስፋፍቶ፣ ብዙ ፈሳሽ የሚያልፍባቸውን የሰውነቱን ቱቦዎች እያወፈረ፣ ጥቂት የሚያልፍባቸውን ደግሞ እያከሰመ፣ ከእውነተኛው የባቡር መስመር ጋር በጥራት የሚወዳደር መረብ ሠራ። መስመሩን አስቀድመው የሠሩት ግን መሐንዲሶች ናቸው፤ «ነደፈ» መባሉ ትንሽ ያሳስታል። በዚያ ላይ የእርስዎ ችግር መንገድ መዘርጋት አይደለም፤ መንገዱ ተዘርግቷል።

ለስምሪት ይበልጥ የሚቀርበው ዲክቲዮስቴሊየም የተባለው የአፈር አሜባ ይመስለኛል። እነዚህ ለየብቻ የሚኖሩ ሕዋሳት ሲራቡ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ኬሚካል በየ6 ደቂቃው ገደማ ይረጫሉ። ጎረቤት ሕዋስ ምልክቱን ሲያገኝ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይጓዛል፤ ራሱም ይረጫል። ዋናው ብልሃት ያለው ከዚህ በኋላ ነው፦ ምልክቱን ያስተላለፈ ሕዋስ ለጥቂት ደቂቃዎች ለሌላ ጥሪ ምላሽ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሞገዱ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ሕዋሳቱም ወዲያና ወዲህ አይዋልሉም። አዛዥ ሳይኖር እስከ 100,000 የሚደርሱ ሕዋሳት በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከእነርሱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ሌሎቹን የሚሸከም ግንድ ሆነው ይሞታሉ፤ ይህን ክፍል ለሹፌሮችዎ ባይነግሯቸው ይሻላል።

ስምሪት ክፍል

እኔ ደግሞ ከወረቀትና እርሳስ ልጀምር። ጉዳዩ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ዳንትዚግና ራምሰር ቤንዚን የሚያከፋፍሉ ቦቴዎችን ስምሪት ባጠኑ ጊዜ ነው። አንድ መኪና 12 ሱቆችን የሚያዳርስበት ቅደም ተከተል ብቻ 479,001,600 ዓይነት ስለሆነ፣ ሁሉንም በእጅ ሞክሮ መምረጥ የማይታሰብ ነው። ክላርክና ራይት በ1964 ያወጡት ዘዴ ግን ለእርስዎ ይበቃል።

ከዳቦ ቤቱ ፒያሳ 12 ደቂቃ፣ አሞራ ገደል 15፣ በሁለቱ መካከል 6 ደቂቃ ነው እንበል። ለየብቻ ሲላክ ደርሶ መልሱ 54 ደቂቃ ይፈጃል፤ በአንድ ጉዞ ሲገናኝ 33። ትርፉ 21 ደቂቃ ነው። አላሙራ 7፣ መናኸሪያ 10፣ መካከላቸው 16 ከሆነ ግን ትርፉ 1 ደቂቃ ብቻ ነውና አያገናኟቸው። የሁሉንም ጥንድ ትርፍ አስልተው ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደርድሩ፤ ከዚያ የተሽከርካሪው ጭነት እስኪሞላ ድረስ ከላይ ጀምረው ያገናኙ። ውጤቱ ፍጹም ላይሆን ይችላል፤ ከልማዱ ግን ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የ9 ዓመት ሹፌር

ሒሳቡን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሰዓቱን ረስታችሁታል። ትምህርት ቤት ደጅ ያለ ሱቅ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ የደረሰለት ዳቦ ያድርበታል፤ ሐይቅ ዳር ያለ ምግብ ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዳቦ የሚፈልገው ለምሳ ነው። ጌታዬ፣ ያ ያንገበገበዎት ጉዞ ሹፌሩ አውቆ ያደረገው ሊሆን ይችላል፤ ይጠይቁት። በታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለትማ ፒያሳ በምእመናን ስለሚሞላ 12 ደቂቃው አይሠራም፤ ለዚያ ቀን ሌላ ስምሪት ያውጡ።

ስምሪት ክፍል

ልክ ነዎት፤ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ስም ጎን «ከስንት እስከ ስንት ሰዓት» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ ሰዓታቸው የማይገጥም ጥንዶች ትርፋቸው የቱንም ያህል ቢሆን አይገናኙም። ከመምህሩ ጽሑፍ የምወስደው ደግሞ ሕዋሳቱ ምልክት ካስተላለፉ በኋላ ለሌላ ጥሪ ዝም የሚሉትን ዝምታ ነው፦ ባጃጁ ከወጣ በኋላ በየስልክ ጥሪው መንገድ እንዲቀይር አይዘዝ፤ አዲስ ትእዛዝ እስከሚቀጥለው ዙር ይጠብቅ።

ጠያቂ፣ ከአቶቴ

ሹፌሩን ጠየቅሁት። የምግብ ቤቱ ንብረት ክፍል የሚከፈተው 3 ሰዓት ላይ ነው አለኝ፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ዳቦውን ጥበቃው ከፒያሳው ጋር ንጋት ላይ ይረከብልን እንደሆነ ነገ ራሴ ሄጄ አነጋግራለሁ፤ እንቢ ካሉ 21 ደቂቃው ቀረ ማለት ነው።